የዛፉን ዳቦ የቆረስኩ ለት

በኛ ጊዜ ዛፍ ዛፍ ነው፤ ጥላው ሥር ቁጭ ይባላል፣ ጭራሮው ይለቀማል፣ ከዚያ አልፎ አንድ ነገር የሚያደርግለት ሰው ካለም ድምፁን አጥፍቶ ያደርጋል እንጂ መጥበሻ እየደበደበ ለአገር አያሳውቅም። ትስቂያለሽ አንቺ ሐሊማ፣ ሳቂ፤ መጥበሻ ስል መጥበሻ ማለቴ ነው። ቆይ ከመነሻው ልንገራችሁ፣ ግን አታቋርጡኝ፣ እኔም ነገሩ እስከ ዛሬ በቅጡ ስላልገባኝ ካቋረጣችሁኝ ይጠፋብኛል።

ታዲያ ልጄ ትዕግስት፣ ታውቋት የለ፣ ነርስ ሆና እንግሊዝ አገር ከገባች ቆየች። ለንደን እንዳትሉኝ፤ ሰው ሁሉ ለንደን ይለኛል፣ ለንደን አይደለም። ሶመርሴት ነው። እኛ ዞን እንደምንለው እነሱ ካውንቲ ይሉታል፤ አርሲ ዞን፣ ሶመርሴት ካውንቲ፣ በቃ ይኸው ነው። ከብት አለ፣ ጭቃ አለ፣ ጭላሎ በክረምት እንደሚለቅብን ያለ ጉም አለ። እኔ ደግሞ እንግሊዝ አገር ዙሪያው ፎቅ ይመስለኝ ነበርና ከመኪናው ወርጄ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሲገባ፣ ይቺ ልጅ ዞራ ዞራ ሮቤ አመጣችኝ እንዴ አልኩ።

የሄድኩበት ጉዳይ ምን መሰላችሁ፤ ትዕግስት ቶም የሚባል የፖም ገበሬ ልጅ ወዳ ልትጋባ ነው። እኔ በስልክ እሺ አላልኩም። እንዴት ብዬ? ቤቱን ሳላይ፣ አባቱን ሳላይ፣ ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚያመልኩ ሳላውቅ ምርቃት ከአፌ አይወጣም አልኳት። ልጅቷም ታውቀኛለች፣ ያለ እናቷ ምርቃት አታገባም፣ እና «እንግዲያው ነይና በዓይንሽ እዪ» አለችኝ። ሄድኩ። ይሁን ወይም አይሁን የሚለው ቃል በኔ እጅ ነው ያለው፤ ይቺን ያዙልኝ።

የቶም አባት ጆርጅ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት ነው፣ ረጅም፣ ጉንጩ እንደሚሸጠው ፖም የቀላ። እኩያዬ ስለሆነ አንተ ብለው አይከፋም። ጭኮ ይዤለት ሄጄ ነበር፤ ገብሱን ራሴ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በነጠረ ቅቤ ያሸሁትን። በማንኪያ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደገመ፣ ከዚያ አንድ ነገር አለ። ትዕግስትን ምን አለ ብላት፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ምንድን ነው እያለ ነው» አለችኝ። በልቶ ሲጨርስ ይጠይቃል!

በማግስቱ ደግሞ በተራው ለኔ አቀረበ፤ አይብ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ እና በጎድጓዳ ሳህን የወተት ስልባቦት፣ ቅቤም ያልሆነ አይብም ያልሆነ፣ መወሰን ያቃተው ነገር። ረቡዕ ነበር። እኔ ረቡዕን የትም አገር ብሄድ ረቡዕ ነው የምለው። ሳህኑን ገፋ አደረግኩት። ሰውዬው ፊቱ ወደቀ። ትዕግስት፣ እናቴ ትጾማለች ብላ ነገረችው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ፊቱ ግን አልተመለሰም። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ቤት እንግዳ መጥቶ ሳይቀምስ ቢሄድ ለሰው ሁሉ ነው የማወራው።

ታዲያ የዚያኑ ዕለት፣ ነገ ከተራ ሊሆን ማለት ነው፣ ትዕግስት መጣችና ዛሬ በፖሙ እርሻ ውስጥ በዓል አለ፣ አካባቢው ሁሉ ይመጣል አለች።

«የማን በዓል?»

«የፖም ዛፍ።»

«የማን ቅዱስ ነው ማለቴ ነው።»

«ቅዱስ የለበትም እማዬ፣ የዛፉ ነው።»

ቀጥላ ደግሞ፣ ቀኑን በድሮው አቆጣጠር ነው የሚጠብቁት፣ መንግሥት ጥንት የቀን መቁጠሪያ ሲለውጥ የነዚህ አያቶች አንለውጥም ብለው ቀሩ አለችኝ። እሷን ወደድኩላቸው። ድርቅ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እንደኛው ናቸው ብዬ ነጠላዬን ደርቤ፣ በላዩ የሟች ሚስትየውን ካፖርት አልብሰውኝ ወጣሁ።

እዚያ አገር በጥር አሥር ሰዓት ላይ ይመሻል። ሰዉ በጭላንጭሉ መጣ፤ መጥበሻ የያዘ፣ ድስት የያዘ፣ ክዳን የያዘ። ወንዶቹ ጉልበታቸው ሥር ቃጭል አስረዋል፣ ልክ እንደ ጥምቀት ጎረምሶች ዱላ ለዱላ እያጋጩ ይዘላሉ። ጎረምሶች ግን አይደሉም፤ ሽበታም ናቸው። አንደኛውን አወቅኩት፣ ትዕግስት የምትሠራበት ሐኪም ቤት መነጽሩን ሰክቶ ሰው ሲመረምር ያየሁት ዶክተር ነው። ይኸው ዶክተር ቃጭሉን እያንቃጨለ ሲዘል «አሞት ነው?» አልኳት። «አይ፣ እየተጫወተ ነው።» «ባለቤቱ ታውቃለች?» ብላት በጣቷ አሳየችኝ፤ ሚስቱ ጎኑ ቆማ ከበሮ ትመታለች። እና ምን ልበል?

ሳይደር የሚሉት አለ፣ ከፖም የሚጠመቅ፣ ቅመም ጨምረው አሙቀው በኩባያ ያድሉታል። የጾም ነው ወይ ብዬ ጠይቄ ጠጣሁ። ጠጅ እንዳልለው ማር የለውም፣ ጠላ እንዳልለው ጌሾ የለውም፤ ጉልበት ሲፈታ ግን ከሁለቱም አያንስም።

ታዲያ ተሰብስበን አንድ ያረጀ፣ የጎበጠ ዛፍ ዘንድ ሄድን። ጆርጅ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሳይደሩን ሥሩ ላይ አፈሰሰ። ሰዉ ዘፈነ። ለማን? ለዛፉ! ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው! ትዕግስት ከርሞ በደንብ አፍራ እያሉት ነው አለችኝ። ከዚያ አንዱ ጠመንጃውን ወደ ቅርንጫፉ ተኮሰ፣ ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ነው አሉ፣ በዚያው መጥበሻው ድስቱ ክዳኑ ሁሉ ተደበደበ። ዞር ስል ልጄ፣ ያጠባኋት ትዕግስት፣ የድስት ክዳን በጭልፋ ትቀጠቅጣለች።

አሁን ይሄ ለምን እንዳናደደኝ ልንገራችሁ። እናቴን የሚያስታውስ ካለ፣ ከቤታችን በላይ የነበረውን ዝግባ ያስታውሳል። ግንቦት ልደታ ሲሆን እናቴ ንፍሮዋን ቀቅላ፣ ዳቦዋን ይዛ እዚያ ትሄድና ግንዱን ቅቤ ትቀባዋለች፤ የሐሊማ አያት ደግሞ በራሳቸው ቀን በራሳቸው ቅቤ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ታዲያ ይቺው ትዕግስት ሰንበት ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ አያቷ ፊት ተገተረች፤ «አያቴ፣ ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው፣ ሲኦል ያስገባል» አለቻት፣ ጣቷን ቀስራ። አሮጊቷ ቅቤውን ወደ ቅሉ መልሳ ቤቷ ገባች፣ እስክትሞትም ዝግባው ዘንድ አልወጣችም።

ታዲያ ጠጋ አልኳትና በጆሮዋ፣ «ትዕግስት፣ የአያትሽ ዛፍ ጣዖት ነበር፤ ይሄኛው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ይሄ ባህል ነው፣ እማዬ።»

«የአያትሽስ?»

ክዳኑን በጭልፋው አንዴ ጓ አደረገችው።

በዚያች ደቂቃ በልቤ ቆረጥኩ። ዛፍ ለሚለምን ቤት ልጄን አልሰጥም፣ ነገ በጠዋት እነግራታለሁ፣ አልቅሳ ይወጣላታል አልኩ። ግን ደግሞ እንዲህ ስል እናቴ ትመጣብኛለች። እምቢ ያልኩት በዛፉ ምክንያት ከሆነ እናቴንም እምቢ ማለቴ ነው። እሺ ካልኩ ደግሞ ያኔ እናቴን ዝም ያሰኘናት በምን ምክንያት ነው? ሳይደሩ ይሁን ሐሳቡ እንጃ፣ ራሴ ዞረ።

እንዲህ ቆሜ እያለሁ ጆርጅ በሳህን ትልቅ የተጠበሰ ዳቦ፣ በሳይደር የራሰ፣ ይዞ ፊቴ ቆመ። በያመቱ አንዲት ሴት ንግሥት ተብላ ዳቦውን ቅርንጫፍ ላይ ታኖራለች፤ ደረቷ የቀላ ትንሽ ወፍ አለች፣ ለሷና ለዛፉ ነው። ሌላ ጊዜ ኮረዳ ነው የሚመርጡ፤ ዘንድሮ እንግዳዋ ትሁን ብሏል። ከሐረግ የተሠራ ዘውድ ሻሼ ላይ ደፉብኝ። ትዕግስት ፊቷ አመድ መሰለ፤ «እማዬ በሞቴ፣ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጠዋት ምግቡን ገፋሽበት፣ አሁንም ከገፋሽው ሰውዬው እንደናቅሽው ነው የሚቆጥረው» አለችኝ።

ዳቦው እጄ ገባ። መጥበሻው ጸጥ፣ ቃጭሉ ጸጥ። ያ ሁሉ ሰው እኔን ያያል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ለአሮጊት ዳቦ ተሰጥቷት፣ ሰው ጸጥ ብሎ ከቆመ፣ አሮጊቷ ምንድን ነው የምታደርግ? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እጄ ራሱ አማተበ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፣ አፌ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ማን ሊመልሰው? «ቤቱን ይባርክላችሁ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፣ ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ፣ ክፉ አይለያችሁ» እያልኩ ወረድኩት። ትዕግስት አሜን አለች። እንግሊዞቹም አሜንን ያውቋታል፣ ኤመን፣ ኤመን አሉ። አሜን ሲባል ደግሞ ዳቦ ይቆረሳል። ቆረስኩት። መጀመሪያ ለቤቱ ጌታ ብዬ ጆርጅን አጎረስኩት፤ አፉ በመገረም ተከፍቶ ስለነበር አልተቸገርኩም። ከዚያ ቶምን፣ ከዚያ ትዕግስትን፣ ከዚያ ባለ ቃጭሉን ዶክተር፣ ሚስቱን፣ ያገኘሁትን ሁሉ፤ የመጨረሻዋን ፍርፋሪ እኔው ቀመስኳት፣ እርጥብ ናት ግን መጥፎ አይደለችም። ሳህኑ ባዶ ቀረ።

ያኔ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ። ከዛፉ በቀር ያልጎረሰ የለም። መጥበሻ የያዙት ይምቱ አይምቱ ጨንቋቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ጆርጅ እያላመጠ ሳህኑን ያያል፣ ዛፉን ያያል፣ እኔን ያያል። ትዕግስት ደግሞ ታለቅሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው? አዋረድኩሽ?» አልኳት።

«እማዬ፣ የሰርግ ምርቃት እኮ ነው የመረቅሽን።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌ ያለውን ጆሮዬ የሰማው ያን ጊዜ ነው። እምቢ ልል ቆርጬ! ታዲያ ምን ይደረግ፣ ወጣ። ምርቃቱን መልሱልኝ ያለ ሽማግሌ እናንተ ሰምታችኋል? አሜን ተብሎበታል፣ ያውም በሁለት ቋንቋ። «እንግዲህ መርቄያችኋለሁ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ፣ ዳቦውም ተበልቷል።

ለጆርጅ ተረጎመችለት። ሰውዬው በዚያ በሚጣበቅ እጁ ሁለቱን እጆቼን ያዘና ዓይኑ እንባ ሞልቶ ብዙ ተናገረ። እኔ ስለ ልጁ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ምን አለ ብላት፣ «በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ዛፉስ? እያለ ነው» አለችኝ። ሮጠ፣ በዚያ እድሜው ቤት ድረስ ሮጦ ሌላ ዳቦ ጠብሶ እስኪመጣ በብርድ ቆመን ጠበቅነው፤ ራሱ ሰቀለው፣ ሰዉም ያልደበደበውን መጥበሻ ያን ጊዜ ደበደበ።

አሁን ይሄ አምልኮ ነው ትላላችሁ? አምልኮ ከሆነ ዶክተሩ እየሳቀ ለምን ይዘላል? ጨዋታ ነው እንዳልል፣ ሽማግሌው ለዛፉ ዳቦ ሳይሰጥ ማደር ለምን አቃተው? ቄሱን ጠየቅኳቸው፣ ወደ ላይ አይተው ሳይደሩ ያሰክራል ወይ አሉኝ። እኔ እንጃ። ከዚያ ወዲህ ያን ዝግባ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ፤ ምን እንደምለው ግን አላውቅም።

ሐሊማ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታ፣ «አዴ ዘነበች፣ ለመሆኑ ዛፉ አፈራ?» ትለኛለች።

አላፈራም። አበባው ወጥቶ ሳለ ውርጭ መታው። ከሰርጋቸው በኋላ ትዕግስት ደውላ እንደነገረችኝ፣ የዚያ ዛፍ ፖም አንድ ሳህን አይሞላም። እሷ ግን ሆዷ ገፍቷል፣ መንታ ነው ብለዋታል። ጆርጅም ምራቱን አየት፣ ዛፉን አየት እያደረገ፣ «እናትሽን ለከርሞም ጥሪያቸው፤ እኔ ግን ዛፉን እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት አበላዋለሁ» ብሏል አሉ።