ሒክማ ትሂድ ወይስ ትቅር

እስከ አምና ድረስ በሸዋ ሮቢት በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የትምህርት ጉዞ ማለት በዓመት አንዴ አውቶቡስ ተከራይቶ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ነበር። ተማሪዎቹ ጣርማ በር ላይ ወርደው ጭጋግ ውስጥ ፎቶ ይነሳሉ፤ ዋሻውን ሲያልፉ ይጮኻሉ፤ ከተማ ሲደርሱ ጥብስ ይበላሉ። ሲመለሱ ምን አያችሁ ቢባሉ መልሳቸው «ብርድ» ነው። የሥዕል ክፍለ ጊዜም ከዚህ አይሻልም ነበር፤ ሁሉም ሰሌዳ ላይ የተሣለውን አንድ ጎጆና አንድ ዛፍ ገልብጠው ያስረክባሉ።

ዘንድሮ አዲሷ የሥዕል መምህርት ብርቱካን ከአንድ የባህል ማኅበር ድጋፍ አግኝታ፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ዛንዚባር ሄደው በተቀረጹ የእንጨት በሮቿ የታወቀችውን አሮጌ ከተማ እንዲያዩ አሰናዳች። የአሥራ አንዱ ወላጆች ፈቀዱ። ያልፈቀዱት የአሥራ ሁለተኛዋ ተማሪ የሒክማ አባት፣ የሽንኩርት ገበሬው አቶ ኸድር ብቻ ናቸው።

አቶ ኸድር መምህርቷን ሲሸሿት ሰነበቱ። አንድ ቀን ግን ከካራቆሬ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠችው እሷው ሆነች። ጀውሃ ላይ ጎማ ፈነዳና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ግራር ጥላ ሥር ተሰበሰበ። አሁን መሸሻም የለ።

አብራቸው የተሳፈረችው ጎረቤታቸው ፈይዛ ቀደመቻቸው። «ጋሼ፣ ሒክማ የምትሄደው መቼ ነው? ሪያድ ላለችው እህቴ በርበሬ ልሰድ ነበር።»

«ዛንዚባር እኮ ነው የምትሄደው» አለች ብርቱካን እየሳቀች።

«እሱስ ቢሆን ከሪያድ ይርቃል?»

በይፋት ቆላ ውጭ አገር ሄደ የተባለ ሰው ለማየት ሄደ ብሎ የሚገምት የለም፤ የሚሄደው ሊሠራ ነው። ስለዚህ የጉዞው ወሬ ከተሰማ ወዲህ የአቶ ኸድርን ደጅ የረገጠው ሁሉ ወይ አደራ ይዞ ነው፣ ወይ የዘመድ ስልክ ቁጥር።

«ሰማሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?» አሉ አቶ ኸድር። «እኔ ልቤ ደንዳና ሆኖ አይደለም። ታላቅ እህቷ መሊካ እመለሳለሁ ብላ ነው ዓረብ አገር የሄደችው። ይኸው ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ፤ መልኳ ግን እየጠፋብኝ ነው። ሁለተኛዋን በገዛ እጄ ልሸኝ?»

«መሊካ ስትወጣ የት እንደምታድር ያውቁ ነበር፣ ጋሼ?»

«ከየት አውቄ! ደላላው ነው የሚያውቀው።»

«የሒክማን እኔ እነግርዎታለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች። ጠዋት ቤተ መዘክር፣ ከሰዓት እንጨት ቀራጮቹ ዘንድ ትውላለች። ማታ ማታ ስልክ ትደውልልዎታለች። መመለሻ ቲኬቷ አብሮ ተቆርጧል።»

«ሶላቷስ?»

«መስጊዱ ከምናድርበት ቤት ደጅ ላይ ነው። እንዲያውም አዛኑ እኔንም ይቀሰቅሰኛል።»

አቶ ኸድር ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸሸጉ። ግን አልለቀቁም። «እሺ፣ በር ለማየት ባሕር መሻገር ያስፈልጋል? በር እዚህ ጠፋ?»

ብርቱካን መልስ በመስጠት ፈንታ ስልኳን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየቻቸው። በእርሳስ የተሣለ ሰፊ የእንጨት በር ነው፤ ጠርዙን የተቀረጸ ሐረግ ዞሮታል፤ ስንጥቁ ሳይቀር ተሥሏል፤ በየጎኑ ልኩ ተጽፏል። አቶ ኸድር ስልኩን አቀረቡ፣ አራቁ።

«ይሄማ የፍየሎቼ በረት መዝጊያ ነው!»

«ድሮ የአያትዎ ቤት በር ነበር። ሒክማ ጭቃውን አጥባ ነው ሐረጉን ያገኘችው። ማንም ተማሪ በቅድሚያ የአገሩን አንድ ነገር ሳያጠና አይሄድም።»

«ስታጥበው አየሁ ወላሂ! እኔ ደግሞ ሥራ ፈታች ብዬ ተቆጣኋት።»

«የታችኛውን ጥግ ምስጥ ጀምሮታል፣ ጋሼ። ዛንዚባሮች ምስጡንም የባሕሩን ጨውም ተቋቁመው ስንት ዘመን ያቆዩት በር አላቸው። ምን እንደሚቀቡት፣ የተሰበረውን እንዴት እንደሚጠግኑት፣ ጠራቢው ማን እንደነበር ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚነግሩ ጠይቃ ትመለሳለች። ጥያቄዎቿን ራሷ ናት ያዘጋጀቻቸው። መሊካ ስትሄድ የምትመለስበት ሥራ አልነበራትም። ሒክማን የጀመረችው ሥራ ይጠብቃታል።»

ሰው ከአገር ወጥቶ የሚቀረው አገር በማየቱ ሳይሆን ኋላው ባዶ ሲሆንበት መሆኑን አቶ ኸድር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰቡትም ነበር። ልጃቸው ጭቃ እያጠበች ያየችውን እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከፍተው ሲዘጉት አላዩትም።

«ፈይዛ» አሉ በመጨረሻ፣ «በርበሬሽን ሌላ መንገደኛ ፈልጊለት። ልጄ ለትምህርት ነው የምትሄደው።»

ሒክማ ሄደች፤ ከጓደኞቿ ጋርም በሰላም ተመለሰች። በሩ ከበረቱ ወጥቶ የተበላው ጥግ በባለሙያ ተቀየረ፤ እንጨቱም ዘይት ጠጣ። ለፍየሎቹ ቆርቆሮ በቃቸው። የሄዱት ተማሪዎች በየሠፈራቸው እየዞሩ የአሮጌ ቤቶችን በርና መስኮት ይሥላሉ፤ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ከሰሌዳ መገልበጥ ቀርቷል፤ ሽማግሌዎችም ስለ ጠራቢዎቹ የሚያውቁትን ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ይናገራሉ። ለመጪው ዓመት ጉዞ አሥራ አራት ወላጆች ፈቃድ ተጠይቀው ሁሉም ፈቅደዋል፤ ከእነዚህ መካከል ሦስቱን ያሳመኗቸው አቶ ኸድር ናቸው።