የዘሩ መድኃኒትና የባሌ ደም

ባሌ ታደሰ የስንዴ ዘሩን በፀረ ፈንገስ ዱቄት የሚያሸው የት እንደሆነ ልንገራችሁ? በምንተኛበት ቁርበት ላይ፣ ያውም በባዶ እጁ! "ተው፣ ከረጢቱ ላይ አትንኩ ይላል" ስለው፣ "አንቺ ደግሞ ፊደል ካየሽ ትደነግጫለሽ" ይለኛል። ዘርቶ በጨረሰ በሳምንቱ፣ የአሸተንን ዳገት እንደ ፍየል የሚወጣው ሰውዬ ከደጃችን እስከ በረቱ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ያርፍ ጀመር። እያዳፋሁ ላሊበላ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ወጣቱ ሐኪም ፊቱን አየት አድርጎ፣ "ደም ማነስ ነው፤ ይህን እንክብል ይዋጡ" አለ።

"ደም ማነስ ብቻ ከሆነ ዓይኑ ለምን ቢጫ ሆነ? ሽንቱስ ለምን እንደ ጠላ ጠቆረ?" አልኩት።

"እናቴ፣ ሐኪሙ ማን ነው?"

"አንተ ነህ። የልጄ የባዮሎጂ መጽሐፍ ግን ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ እንዲህ ይሆናል ይላል። በል ይሄንንም አንብበው" ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ያመጣሁትን የዘሩን መድኃኒት ባዶ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ታደሰ አፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሐኪሙ አነበበና የምርመራ ወረቀት ጻፈ። ደሙ ተመረመረ። ውጤቱን ይዞ ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ "ቀይ ሕዋሳቱ እየፈረሱ ነው። የዘሩ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። በእንክብል ብቻ ሸኝቻቸው ቢሆን . . ." ሳይጨርሰው አልጋ አስያዘለት። ታደሰም ተረፈልኝ።

ያን ዕለት ግን ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳና፣ "እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አለኝ። ፊደልን ከልጄ ደብተር የለቀምኩት፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩት ሴት በሐኪም ወንበር ላይ ተደላድዬ ተናገርኩ፤ እሱ ቆሞ ጻፈ።