ልጄ ገና እየሮጠች ነው

ልደታ ኮንዶሚኒየም የኛ ብሎክ መብራት ምን ቀን ቢጠፋ ጥሩ ነው? የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ለሀገሯ በምትሮጥበት ቀን! እትዬን አጠገቤ አስቀምጬ ሩጫውን በስልኬ ከፈትኩላቸው። የመጨረሻው ዙር ላይ፣ ልጅቷ አራተኛ ሆና ሳለ፣ ምስሉ ቀጥ አለ። ወዲያው መብራት ያለው የፊት ለፊቱ ብሎክ በእልልታ ተናጋ። "እትዬ፣ ልጅዎ..." ስል አፌን በእጃቸው ከደኑት።

"እንዳትነግረኝ! ልጄ ገና እየሮጠች ነው።" የቆመውን ምስል "አይዞሽ የኔ እናት፣ በርቺ" ይሉት ጀመር። በረንዳ ወጥቼ ለጎረቤቱ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ አሳየሁ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። በመጨረሻ ስልኬ ነቃ፤ ልጅቷ ሦስቱንም አልፋ አንደኛ ገባች። እትዬ ሲጮሁ፣ ግቢው በሙሉ ገና አሁን እንዳየ ሆኖ እልልታውን እንደ አዲስ አቀለጠው።