ሊቀ መንበሩ ያልጠየቁት ጥያቄ

ቅናት በስተርጅና አያምርም፤ አቶ ወንዳፍራሽን ግን እንደ ጥርስ ሕመም ይዟቸዋል። በአሜሪካ የክላርክስተን ከተማ እድር ሊቀ መንበር ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ሲያገለግሉ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉም ሰው ቢታመምም መጀመሪያ የሚደወለው ለእርሳቸው ነበር። አሁን ግን ሁሉም "ሳሮን! ሳሮን!" ሆኗል። ነርሷ ሳሮን እኮ ትናንት የመጣች ልጅ ናት! ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ አእምሮው ለተጨነቀ ሰው እንዴት እንደሚደረስለት ትሬኒንግ ትሰጣለች። እርሳቸው አንድም ቀን ብቅ ብለው አያውቁም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸውን አቶ ዳኘውን ሊጠይቁ ብርቱካን አንጠልጥለው ሄዱ። አቶ ዳኘው ሥራ ትተው ቤት ከዋሉ ሦስት ሳምንታቸው ነው። በራቸው ላይ ሳሮን ስልኳን ይዛ ቆማለች።

"ደግሞ እዚህም ደረስሽ?"

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? ጋሽ ዳኘው ራሳቸው ኮል አድርገውልኝ ነው።"

ደማቸው ፈላ። "እኔ እያለሁ ለአንቺ? ከአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን! ባለፈው ሳምንት እንኳ ስምንት ሆነን መጥተን፣ 'አይዞህ በርታ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!' ብለነዋል። አንቺ ከዚህ የተሻለ ምን ብትዪው ነው?"

"ጠየቅኋቸው። 'ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?' አልኳቸው።"

"አፍሽን ይቁረጠው! እንዲህ ያለ ሟርት ለታመመ ሰው ይነገራል? ያላሰበውን ልታሳስቢው?"

"ጋሼ፣ ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣውም። ያሰበ ሰው ሲጠየቅ እንዲያውም ይቀለዋል። ስምንት ሰው ፊት ግን ማን ይናገራል? 'በርታ' ስትሏቸው የበረቱ መስለው ሸኟችሁ። እድራችን ሰው ሲሞት ባንድ ሰዓት ይሰበሰባል፤ መኖር ለከበደው ግን ማን ይደርስለታል?"

አቶ ወንዳፍራሽ፣ ራሱን ያጠፋውና አምና የቀበሩት ፍስሐ ትዝ አላቸው። ለእሱም "በርታ" ብለውት ነበር።

"ብቻቸውን መሆን የለባቸውም" አለች ሳሮን ቀስ ብላ። "ማን ይምጣልዎ ስላቸው የጠሩት እርስዎን ነው፤ ልደውልልዎት ነበር። 'ደካማ እንዳይለኝ አፍሬ ነው እንጂ ወንዳፍራሽ ወንድሜ ነው' ብለዋል።"

ቅናታቸው በኀፍረት ተተካ። ገብተው ከጓደኛቸው ጎን ተቀመጡ። "በርታ" የምትለው ቃል አፋቸው ድረስ መጥታ ዋጧት።

"ዳኘው፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?"

አቶ ዳኘው ቀና ብለው አዩአቸውና አለቀሱ። "አዎ" አሉ።

"እሺ። ንገረኝ፤ እሰማሃለሁ። የትም አልሄድም።"

ሳሮን ራሱን ለማጥፋት ላሰበ ሰው እርዳታ ወደሚሰጥበት ስልክ፣ ወደ 988 ደወለች። አቶ ወንዳፍራሽ እዚያው አደሩ፤ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወስደዋቸው እስኪወጡ ጠበቁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሊቀ መንበሩ ነበሩ። ዛሬ ከእድሩ አባላት ሃያ ሁለቱ ሠልጥነዋል፤ የተጨነቀ ሰው ሲኖር ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ በግልጽ ይጠይቃሉ፣ እስኪጨርስ ይሰማሉ፣ ሐኪም ዘንድ ይወስዳሉ። ሰውም ሕመሙን መደበቅ ቀንሷል። አቶ ዳኘውም ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

ቅናቱስ? እሱ መቼ ለቀቃቸው! ሳሮን ለአቶ ዳኘው ልትደውል ስልኳን ስታነሣ ካዩ፣ "እኔ ጠዋት ጠይቄዋለሁ፤ አንቺ ተራሽን ጠብቂ!" ይሏታል።