በክር የታሰረ ሥር

(ጅማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ የሺእመቤት ከልጃቸው ቤት የመታጠቢያ ክፍል መስኮት ላይ ያወረዱትን፣ ሥር የተጠመጠመበት የእንጨት ቁራጭ እጃቸው እንዳይነካው በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ምራታቸውን ርብቃን ሳሎን ውስጥ አፋጥጠዋታል።)

የሺእመቤት፦ አትጠጊኝ። ይህን የሰጠሽ ደብተራ ማን ነው?

ርብቃ፦ ምን ደብተራ አመጣው እማማ? አበባ ነው፤ ኦርኪድ። ይስጡኝ፣ ይሰበራል።

የሺእመቤት፦ አበባው የታለ?

ርብቃ፦ ገና አላበበም።

የሺእመቤት፦ ቅጠሉስ?

ርብቃ፦ ቅጠል የለውም።

የሺእመቤት፦ አበባ የለው፣ ቅጠል የለው፣ አፈር የለው። ፊደል ባልቆጥርም በክር የታሰረ ሥር ምን እንደሚሠራ አላጣውም።

ርብቃ፦ ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እንጨቱን እስኪይዝ። ዘሩ እንዲህ ነው፣ ምግቡን የሚያበስለው በሥሩ ነው። ውኃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል።

የሺእመቤት፦ ጭራሽ መልኩንም ይለውጣል?

ርብቃ፦ ቤልጂግ ድረስ ሄጄ የተማርኩት እኮ ይህንኑ ነው።

የሺእመቤት፦ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ለመሆን ቤልጂግ? ለዚህማ የኔ አገር ጎጃም ይበቃሽ ነበር።

ርብቃ፦ ቦንጋ መንገድ ላይ ከወደቀ ዛፍ ነው ያነሳሁት።

የሺእመቤት፦ መቼ?

ርብቃ፦ ለፋሲካ ሰሞን።

የሺእመቤት፦ ልጄ ይልቃልም ዓይኔን ማየት የተወው ከፋሲካ ወዲህ ነው። እሑድ እመጣለሁ ይለኛል፤ እሑድ ይመጣል፣ እሱ የለም። ቢመጣም ስልኩን ይዞ ደጅ ነው። የቀረበለትን ጎርሶ አይጨርስም።

ርብቃ፦ እኔ ምን አደረግኩት?

የሺእመቤት፦ የፓስፖርት ፎቶ ኪሱ ውስጥ አይቻለሁ። አስረሽ ወደ መጣሽበት ልትወስጂው ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማሽም?

ርብቃ፦ ምንም አልነገረዎትም ማለት ነው?

የሺእመቤት፦ ምኑን?

ርብቃ፦ እሱ ቢነግርዎት ይሻላል።

የሺእመቤት፦ ይኸው ደበቅሽ። እሳት ውስጥ ነው የምከተው።

ርብቃ፦ ይክተቱት። ለካናዳ ያመለከተው እሱ ነው። እኔ አልሄድም ብያለሁ፤ የምንጣላውም በዚሁ ነው።

የሺእመቤት፦ አንቺ? ፈረንጅ አገር የኖርሽው?

ርብቃ፦ ስለኖርኩበት ነዋ። እዚህም ደልቶኝ አይደለም፤ ስንት ቀን ምን ልሁን ብዬ ተመለስኩ እላለሁ። ግን እንደገና ከዜሮ መጀመር አልችልም።

የሺእመቤት፦ ፈቀዱለት?

ርብቃ፦ ባለፈው ሳምንት። ከመስቀል በፊት ይሄዳል፣ ብቻውን። ለምኜው ነበር እማማ። አልቅሼም ነበር።

የሺእመቤት፦ (እንጨቱን ከነጠላቸው ጫፍ አውጥተው በባዶ እጃቸው ይይዙታል።)

ርብቃ፦ በሉ ይስጡኝ፣ መስኮቱ ላይ ልመልሰው።

የሺእመቤት፦ መስኮቱን ተዪው። የሱ ትራስ የትኛው ነው?