የእማማ አቲፖካ አውራ ጣት

የገበያ ቀን ስለ ነበር በሰሜን ጋና የቦልጋታንጋ ከተማ መንገድ በሣር ነዶና በቅርጫት ቁልል ተጣቦ ነበር። የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ ወደ አዱኮ መድኃኒት ቤት ስገባ አንዲት አሮጊት ከሻጩ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ገና ከጀርባቸው አወቅኋቸው፤ እማማ አቲፖካ ናቸው። በሰፈራችን ሃያ ሁለት ሴቶች ቅርጫት የሚሠሩበትን ማኅበር የሚመሩ፣ ባለ ክዳኑን ትልቁን ቅርጫት በመሥራት አቻ የሌላቸው ሴት ናቸው። ጡረታ ሳልወጣ ሦስቱንም ልጆቻቸውን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።

«ከዚህ የጠበቀ የለህም?» ይሉታል አዱኮን፣ አንድ ላስቲክ እየለጠጡ። «ይኼ እኮ የሕፃን ካልሲ ነው!»

ቀኝ እጃቸውን አየሁት። አንጓው ላይ ቀጭን የቆዳ ጠፍር አራት ጊዜ ተጠምጥሞ በቋጠሮ ታስሯል፤ ከጠፍሩ በላይም በታችም ሥጋው አብጧል።

«እንደምን ዋሉ እማማ? እጅዎ ምን ሆነ?»

«ደኅና ነኝ መምህር። እጄስ ደኅና ነው፣ ይኼ አውራ ጣቴ ነው እንጂ። አራት ወሩ ነው። ሣር ስገምድ ፍም የነካኝ ያህል ያንገበግበኛል። አሁንማ ብሶበት የድስት ክዳን ማንሣት አቃተኝ። ወጌሻው አፓሲናባ ይኼን አሰረልኝ፤ አንድ ሳምንት ተሻለኝና መልሶ ባሰብኝ። ላልቶ ነው መሰለኝ። ጠበቅ ያለ ነገር ፍለጋ መጣሁ።»

ከኋላዬ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ጎሮሮዋን ጠረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ጠበቅ ያለ ባይገዙ ይሻላል።»

እማማ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት። «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የባለ ወፍጮው የአኮልጎ ልጅ ነኝ። ላሪባ እባላለሁ።»

«ያቺ ንፍጣሟ ላሪባ? አድገሽ ለኔ ስለ እጅ ትነግሪኝ ጀመርሽ? ይኼ አርባ ዓመት ሣር የገመደ እጅ ነው!»

ወጣቷ አልተቆጣችም። «ስለ ሣሩ እርስዎ ያስተምሩኛል። ስለ ጅማቱ ግን አራት ዓመት ተምሬ መጥቻለሁ። ሆስፒታል የምሠራው ይኼንኑ ነው፤ መንቀሳቀስ እንቢ ያለ እጅና እግር ማላመድ።»

«እና ምን ብለው አስተማሩሽ?» አሉ እማማ።

ጥያቄው የፌዝ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን እኝህን ሴት አውቃቸዋለሁ። የማያውቁት ቅርጫት ካዩ ገልብጠው ቂጡን ሳያዩ አያልፉም። አሁንም ዓይናቸው እንደዚያ ነበር።

«መጀመሪያ ጠፍሩን እንፍታው» አለች ላሪባ። ከፈታችው በኋላ ቀዩ ሰንበር እስኪደበዝዝ ጠበቀች። «እንግዲህ አውራ ጣትዎን መዳፍዎ ውስጥ አግብተው ይጨብጡት። እንደዚያ። አሁን ቡጢዎን ቀስ ብለው በትንሿ ጣት በኩል ወደ ታች ያዘንብሉት።»

«ዋይ!» መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ ዞረ። «ምን አደረግሽኝ አንቺ!»

«እኔማ አልነካሁዎትም እማማ።»

እማማ እጃቸውን እንደ ባዕድ ነገር ተመለከቱት። ከዚያ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ደግመው ጨበጡና አዘነበሉት፤ ደግመውም ጮኹ። ሳልፈልግ ሳቅሁ።

«ይሥቃል እንዴ! መምህር፣ እስኪ አንተም ሞክር።»

ሞከርሁ። ትንሽ ከመሳብ በቀር ምንም አላመመኝም። እማማ ጉድ አሉ። «እኔን ገድሎኝ እሱን ለምን ተወው? ተናገሪ እንጂ ልጄ!»

«ልጄ» ማለታቸውን ልብ አልሁ።

«አውራ ጣትን የሚያነሡ ሁለት ጅማቶች አሉ» አለች ላሪባ፣ በራሷ እጅ ላይ እያሳየች። «እዚህ አንጓው ጋ ሲደርሱ በጠባብ ዋሻ ያልፋሉ። ከልክ በላይ ስንሠራባቸው ዋሻው ያብጥና ይጠብባቸዋል፤ ባለፉ ቁጥርም ይፋተጋሉ። ጠፍሩን ያሰሩት በዚያው በዋሻው ላይ ነበር።»

እማማ የተፈታውን ጠፍር አነሡ። «ጠባቡን በር ይባስ አጠበብሁት በይኛ።»

«እንደሱ ነው። ከላስቲኩ ሌላ ማሰሪያ እንምረጥልዎ።»

«ቆይ፣ ቆይ! ማሰር ክፉ ከሆነ አንቺስ ሌላ ማሰሪያ ልታስገዢኝ አይደል? እሱ በምን ይሻላል? ቀለሙ ስለሚያምር?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ልጠይቀው አስቤ ነበር። ላሪባም የወደደችው መሰለኝ።

«ይኼኛው የሚያንቅ አይደለም፣ የሚደግፍ ነው። ልጅ ሲያዝሉ ጨርቁን የሚያስሩት ልጁ እንዳይወድቅ ነው እንጂ እንዳይተነፍስ አይደለም። እኛም አውራ ጣቱ እንዲያርፍ ነው የምንፈልገው። ጅማቱ ካላረፈ እብጠቱ አይጎድልም። አዱኮ፣ እባክህ ያሉህን አውርድልን።»

አዱኮ ሦስት ዓይነት ደረደረ። እማማ ያንኑ ላስቲክ አነሡ።

«እሱ ያሞቃል እንጂ አይደግፍም» አለች ላሪባ። «አጥልቀውት አውራ ጣትዎን ያንቀሳቅሱት።»

አንቀሳቀሱት፤ ፊታቸው ተኮማተረ። ላስቲኩን ወርወር አደረጉት።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነበር፤ በመዳፍ በኩል ብረት ገብቶበታል። እማማ በኩራት አንኳኩበት። «ይኼማ ጋሻ ነው!»

«ጋሻው የት ድረስ ነው? አውራ ጣትዎን ይመልከቱ።»

አውራ ጣታቸው በቀዳዳው ወጥቶ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። «ይኼስ እንዳሻው ይፈነጫል!» አሉ።

«ይኼ ለሌላ ሕመም ነው፤ ጣቶች ለሚደነዝዙበት። ለእርስዎ አንጓውንም አውራ ጣቱንም አብሮ የሚይዝ ነው የሚያስፈልገው።» ሦስተኛውን ዘረጋችላቸው። በአውራ ጣቱ ጎን ስስ ብረት የተሰፋበት፣ በሦስት ተጣባቂ ማሰሪያዎች የሚዘጋ ነበር።

እማማ ገለበጡት፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉ። «ስፌቱ ወደ ውስጥ ነው። ይልጣል።»

«አዩ መምህር!» አለችኝ ላሪባ። «እኔ ልነግራቸው ስል ቀደሙኝ። አዱኮ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የሆነ አለህ?»

ነበረው። ግን የግራ እጅ ሆነ። ሌላ አመጣ፤ የቀኝ ነው፣ ግን ሰፊ ሆኖ ዞረባቸው። አራተኛው ልክ ሆነ። ላሪባ አውራ ጣታቸውን ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ዘና አድርጋ አስቀመጠችና ዘጋችው፤ ከዚያም ትንሿን ጣቷን በማሰሪያው ሥር ሰደደች።

«ጣት ካስገባ በቂ ነው። የጣትዎ ጫፍ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ያላሉት። ሲታጠቡ ያውልቁት፣ እጅዎንም ቀስ ብለው ያፍታቱት። ሲተኙም ያድርጉት። ሣሩን ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ሌላ ሰው ይግመድልዎ። ይኼን አጥልቄ እሠራበታለሁ ካሉ መግዛቱ ከንቱ ነው። በአንድ ወር ካልተሻለዎት ግን ሆስፒታል ይምጡ፤ መርፌ አለ።»

እማማ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉ። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ!» ብለው ሣቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። አውልቀው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

«አልገዛውም።»

«ምነው እማማ?» አልሁ እኔ።

«መምህር፣ ማኅበሩ ፊት ይኼን አጥልቄ እንዴት እቀመጣለሁ? እጄን አመመኝ ያለችኝን ሁሉ ‹ስንፍና ነው የሚያምሽ› እያልሁ ያሠራሁ ሴት ነኝ። ቤቴ ውስጥም ቢሆን…» ንግግራቸውን ቆረጡ። ወደ ላሪባ ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ሣር የማይገምድ ሰውም ይይዛል?»

«ከሁሉ ይበልጥ የሚይዘው አራሶችን ነው። ሕፃኑን በብብቱ ይዘው፣ አውራ ጣታቸውን ከፍተው፣ በቀን አርባ ጊዜ ያነሡታል።»

እማማ በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነገሩን አወጡት። የልጃቸው ሚስት ታላታ ከወለደች አራት ወሯ ነው። እጄን እያለች ስታለቅስ ‹እኔ ሦስት አሳድጌያለሁ፣ አንድ ሕፃን ከበደሽ?› ብለዋታል። ባለፈው እሑድ ሕፃኑን ከመታጠቢያው ገንዳ ስታነሣ እጇ ከዳት፤ ልጁ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ወዲያው አወጡት፣ አንዳችም አልሆነም። እማማ ግን መንደሩ እስኪሰማ ሰድበዋታል።

«እንደኔው ነው የሚያማት?» አሉ። «እንደዚህ ዋይ የሚያሰኝ?»

ላሪባ የእማማን አውራ ጣት ተመለከተች። መልሱን በእማማ ጩኸት ሁላችንም ሰምተነው ነበር።

እማማ ተነሡ። «አዱኮ፣ ይኼን ጠቅልልልኝ። ላሪባ፣ አንቺ ከኔ ጋ ቤት ትሄጃለሽ። የእርሷን እጅ አይተሽ በልኳ ትመርጪላታለሽ። ሳይለካ አይገዛም፣ አየሁ እኮ።»

ከሁለት ወር በኋላ የማኅበሩን ደብዳቤ ልጽፍላቸው ሴቶቹ ወደሚሠሩበት ዳስ ሄድሁ። ታላታ በአራተኛው ሳምንት ተሽሏት ሕፃኑን ከሥሩ በመዳፏ አቅፋ ማንሣት ተምራለች። የእማማ እጅ ግን ረጅም ጊዜ ችላ ተብሎ ስለ ነበር ድጋፉ ብቻ አልበቃውም፤ ሆስፒታል ሄደው መርፌ ተወግተዋል። ወጌሻው አፓሲናባ ጠፍሬን ናቁ ብሎ ተቆጥቶ መጥቶ ነበር። እማማም «አጥንቴ ሲሰበር ካንተ ሌላ ማንን እጠራለሁ? ይኼ ግን ጅማት ነው» ብለው ድጋፉን ሰጡት። ብረቱን ሲዳብስ፣ ማሰሪያውን ሲከፍትና ሲዘጋ አርፍዶ ሄደ አሉ።

ዳሱ ውስጥ ሥርዓቱ ተለውጧል። ጠዋት ሣር የገመደች ከሰዓት ትጎነጉናለች እንጂ ቀኑን ሙሉ አንዱን ሥራ አትይዝም። በየመካከሉ እጅ ያርፋል። ያመማት በመጀመሪያው ሳምንት ትናገራለች። ከዚህ የተገኘውን ጥቅም እማማ ራሳቸው ነገሩኝ፤ የሚላላ ክዳን ቀርቷል፣ ከሥራ የሚቀሩትም ጥቂት ሆነዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉ። «እኛ ዘንድ ደግሞ ደባቂዋ እኔ ነበርሁ፤ የሰው በሽታ ነው የደበቅሁት።»

ደብዳቤውን ስጨርስ ሻርፓቸውን አንሥተው «ሸኘኝ» አሉኝ። አዙማ የምትባል ሴት ቤት ወሰዱኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ግን እጄን እያለች ሥራ ስታጓትት እማማ በሰው ፊት ሰነፍ ብለው ከማኅበሩ አስወጥተዋታል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም አልነበራቸውም።

አዙማ በሩን ከፍታ እማማን ስታይ እጆቿን ከጉርዷ ኋላ ሸሸገች። እማማ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው፣ የአገሩ ሰው ታላቁን ይቅርታ እንደሚለምን፣ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«አዙማ» አሉ፣ «ልቀጣሽ አልመጣሁም። የሚያምሽን ቦታ አሳዪኝ።»

አዙማ ዝቅ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቀኝ እጇን ቀስ ብላ አወጣችና በእማማ መዳፍ ላይ አኖረችው።