ቦራ ሲፈስክ

እኔ ደንጋጣ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር በር በተንኳኳ ቁጥር ስለምደነግጥ ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የፋሲካ ማክሰኞ ጠዋት ያየሁትን ግን የትኛውም ደፋር ቢያየው ይደነግጥ ነበር።

ከአቃቂ ወደ ሳሪስ ታክሲ ልይዝ ስወጣ የጎረቤቴ የአቶ ቀናው በር ተከፍቶ አየሁና እንኳን አደረሰዎ ልል ጎራ አልኩ። አቶ ቀናው ዕድሜያቸውን በባለጋሪነት የገፉ ሽማግሌ ናቸው። ግቢው መሀል ከሰል አያይዘው ማጭድ ያግላሉ። ፈረሳቸው ቦራ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይንቀጠቀጣል። ላቡ ከሆዱ ሥር ይንጠባጠባል።

ምን ሊያደርጉ ነው ብላቸው ደረቱን ሊተኩሱት መሆኑን ነገሩኝ። ከትናንት ጀምሮ እግሬን አላነሳም ብሏል። መተኮሱ ካልፈወሰው ደግሞ ዛሬውኑ ወንዝ ዳር ጎትተው ሊተዉት ነው፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ይህን ሲናገሩ እንባቸው ይወርዳል፤ ቦራን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት። እኔ በድንጋጤ ክንዳቸውን ያዝኩና፣ ወደ ሥራዋ ስታልፍ ያየኋትን ዳሲቱን ተጣራሁ። ዳሲቱ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ተምራ በሙያዋ ትሠራለች።

ሰላምታ ሰጥታ ጎንበስ አለችና የፈረሱን ሰኮና ዳበሰች።

«ጋሼ ቀናው፣ እስቲ እጅዎን እዚህ ያድርጉ። ይፋጃል አይደል? እሑድ ምን በላ?»

አቶ ቀናው የምሥራች እንደተጠየቀ ሰው ፊታቸው በራ። ጾሙን ሙሉ ቦራን በገለባ ብቻ ነው ያቆዩት፤ ለፋሲካ ግን ቃሊቲ ካሉት የእህል መጋዘኖች ደጃፍ ከፈሰሰው ስንዴ ያጠራቀሙትን ግማሽ ኬሻ ፊቱ ገለበጡለት።

«እኔ ዶሮ ስበላ እሱ ገለባ ይብላ? እሱስ ነፍስ አይደለም እንዴ? አብሮኝ ጾመ፣ አብሮኝ ፈሰከ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ብሆን ጽድቅ ነው እል ነበር።

ዳሲቱ ግን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ያ ሁሉ እህል ባልለመደ ሆድ ውስጥ ይቦካል፤ መርዙ በደም አድርጎ ሰኮና ይገባል። ጣት በር ቆንጥጦት ጥፍር ሥር ደም ሲቋጥር እንዴት እንደሚያም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቦራም ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ አብጦ መውጫ አጥቷል። ሰኮናው ደግሞ ሳይከረከም ረዝሞ ጫፉ ስለተቆለመመ፣ በተራመደ ቁጥር ሥጋውን ከአጥንቱ ይገነጥለዋል። እስከ ወንዝ ቢጎተት መንገድ ላይ ያልቅለታል።

አቶ ቀናው አልተቀበሏትም። የሰኮናው መርዘም ለአስፋልት ጫማው ነው አሉ። አባታቸውም አያታቸውም ሲተኩሱ እንደኖሩ፣ የትናንት ልጅ ስለ ፈረስ ልታስተምራቸው እንደማትችል ተናግረው ማጭዱን አነሡ። ብረቱ ቀልቷል። ዳሲቱ በፈረሱና በማጭዱ መካከል ቆመች።

«እሺ ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እሑድ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጀመሪያ ምን ቀመሱ?»

«ተልባ ነዋ! ሆድ ሳይለሰልስ ቅባት ይገባል እንዴ? ሰው ይሞታል።»

«ታዲያ ለቦራ ተልባውን ማን ሰጠው?»

አቶ ቀናው ፈረሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ማጭዱን መሬት ጣሉና «ምን ላድርግ ልጄ?» አሉ።

ያን ቀን ዳሲቱ ቦራን የሕመም ማስታገሻ ወጋችው። ከአናጢ ሰጋቱራ አስመጥታ ወፍራም መኝታ አነጠፈችለት፤ እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ እያስነከረች፣ እህል ከልክላ በውኃ የተዘፈዘፈ ድርቆሽ ብቻ አዘዘችለት። እብጠቱ ሲበርድ ሰኮናውን በሞረድ ጥቂት ጥቂት እያለች ከረከመችው፤ በየስድስት ሳምንቱ እንዲደገምም አሳሰበች። አቶ ቀናው አንዱንም አላጎደሉም። ከወራት በኋላ ቦራ ሳያነክስ ጋሪ ጎተተ።

አንድ ጠዋት ጋሪ ማቆሚያው ጋ ሳልፍ አቶ ቀናው ባለጋሪዎቹን ሰብስበው ሲናገሩ ደረስኩ። ሰኮና በጊዜው ሲከረከም ፈረስ ዕድሜው እንደሚረዝም፣ እህልም በእፍኝ ተጀምሮ በቀናት ብዛት እንደሚጨመር እየነገሯቸው ነበር። ሙህዲን የሚባለው ባለጋሪ፣ ለበዓል አንድ ቀን ጠግቦ ቢበላ ምን ይሆናል ብሎ ተከራከራቸው።

አቶ ቀናው ወደ እሱ ዞሩ።

«ከቦራ በፊት ሦስት ፈረስ ነበረኝ» አሉት። «ሦስቱም በፋሲካ ማግስት ነው እግራቸውን የያዛቸው። ሦስቱንም ተኩሼ፣ አልሆን ሲለኝ በእጄ ወንዝ ዳር ወስጄ ጣልኳቸው። ቡዳ በላቸው ስል ኖሬያለሁ። ያበላኋቸው እኔ ነኝ፣ ሙህዲን። እወዳቸው ነበር።»